ከማንኳኳት ማንበብ ይቅደም

ወይዘሮ አርሊን ኒስካላ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ኦርቢን ቤተ መጻሕፍት የገቡት ለማንበብ አልነበረም፤ ጉልበታቸውን ለማሳረፍ ነበር። የመጋቢት በረዶ ግማሹ ቀልጦ ግማሹ ጭቃ ሆኖ ስለነበር ቦት ጫማቸው ውሃ አስገብቷል። በትከሻቸው ያንጠለጠሉት ከረጢት «ውሃችን አይሸጥም!» በሚል በራሪ ወረቀት እንደታጨቀ ነው። ስልሳ በር እንዲያንኳኩ ተመድቦላቸው ሠላሳ አንዱን አንኳኩተዋል። አሥራ ዘጠኙ አልተከፈተም። ከተከፈቱት መካከል በአንደኛው ብቅ ያለው ሮይ ላምፒ የተባለ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ዓይናቸው እያየ አራት ጊዜ አጣጥፎ፣ የሚንቀጠቀጠው በሩ ሥር ወትፎ ዘጋባቸው።

ኦርቢን በሰሜን ሚኒሶታ ያለች የብረት ማዕድን ከተማ ናት። ወይዘሮ አርሊን በዚህች ከተማ ሠላሳ ሦስት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ያሉትን አራት ዓመታት የሰጡት ለተራማጆች ኮሚቴ ነው። የሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል እንዳይዘጋ ታገሉ፤ ተዘጋ። ለትምህርት ቦርድ የራሳቸውን ሰው አቀረቡ፤ ተሸነፈ። ለአውራጃው ምክር ቤት ሌላ አቀረቡ፤ እሷም ተሸነፈች። የቀናቸው ከንቲባውን በማስመረጥ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የከተማው ምክር ቤት የውሃ አገልግሎቱን ለአንድ ኩባንያ ለመሸጥ አስቦ፣ ሕዝቡ በግንቦት አጋማሽ ድምፅ ሊሰጥበት ነው። ኮሚቴው እንደ ልማዱ ወረቀት አሳትሞ በር ለማንኳኳት ወጣ። ወይዘሮ አርሊንም ወጡ። ለምን እንደወጡ ቢጠየቁ ግን «ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም።

በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከመጻሕፍት ጠባቂዋ ሌላ፣ አንድ ጢማም ወጣት ብቻ ትልልቅ መዛግብት ከምሮ ተቀምጧል። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«ወይዘሮ አርሊን! እዚህ ይቀመጡ፤ ማሞቂያው አጠገብ ነው።»

ቀረብ ብለው አዩት። «አንተ የፕሬቢች ልጅ አይደለህም? ሌላንድ? አውቶቡስ ውስጥ እያነበብክ መውረጃህ እያለፈህ ሁለት ጊዜ ደጃፍህ ድረስ የመለስኩህ?»

«ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛዋን ለእናቴ አልነገሩብኝም።»

«ዛሬም መጽሐፍ ላይ ተደፍተህ አገኘሁህ። እንግዲህ ዛሬም መውረጃህ አልፎሃል ማለት ነው» አሉና ሳቁ። ከሳቁ ቆይተው ነበር።

ሌላንድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የማዕድን ከተሞችን ታሪክ የሚያጠና ሰው ነው። አባቱ በረዶ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ሊያስታምማቸው መጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት እሳቸውን አጥቦና አብልቶ፣ ከሰዓት እዚህ ይውላል።

«ምንድን ነው የምታነበው?» አሉት።

«የከተማችን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ነው። ከ1919 ጀምሮ ያለው።»

«ከሙታን ጋር ነዋ የምትውለው።»

«ሙታን ናቸው ብለው አይናቋቸው። እንደ እርስዎ በውሃ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ነው የማገኛቸው።»

ወይዘሮ አርሊን ጫማቸውን አውልቀው እርጥብ ካልሲያቸውን ማሞቂያው ላይ አሰጡ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ እንደማይደረግ ያውቃሉ፤ ያን ቀን ግን የሚያፍሩበት ጉልበት እንኳ አልተረፋቸውም። ሌላንድ ከከረጢታቸው አንድ ወረቀት መዘዘና አንብቦ ሲያበቃ፣

«ሰዎቹ ምን ይሉዎታል?» አላቸው።

«ምን ይሉኛል? በር ይዘጉብኛል።»

«ከመዝጋታቸው በፊትስ?»

«ከመዝጋታቸው በፊትማ እኔ ነኛ የምናገረው! ስልሳ በር አለብኝ ልጄ። አንዱ ጋ ሦስት ደቂቃ ከቆምኩ ይመሽብኛል። ኩባንያው ይዘርፋችኋል፣ ዋጋ ይቆልልባችኋል፣ በግንቦት ወጥታችሁ ‹አይሸጥም› በሉ እላለሁ፤ ወረቀቱን እሰጣለሁ፤ እሄዳለሁ።»

«አይቀየሙኝና፣ ከከንቲባው ሌላ በዚህ መንገድ ያሸነፋችሁት መቼ ነው?»

ወይዘሮ አርሊን ተቀየሙ። ፊታቸው በአንድ ጊዜ ቀላ።

«ስማ ልጄ፣ የተማረ ሰው ሞልቶልናል። በየምርጫው ማግስት ለምን እንደተሸነፍን ከከተማ በሬዲዮ ይነግሩናል። በዋዜማው አንዳቸውም መጥተው በዚህ በረዶ ሲሄዱ አላየሁም። ደግሞስ ማንበብ ቢያድን ኖሮ ይቺ ከተማ በዳነች! የማዕድን ሠራተኞቹ አዳራሽ ውስጥ የነበረውን ቤተ መጻሕፍት አባቴ ወስዶ አሳይቶኛል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነበር። ፊንላንዱም፣ ስሎቬኑም፣ ጣሊያኑም ከጉድጓድ ወጥቶ እጁን ታጥቦ ያነብ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ማዕድኑ ተዘጋ። አዳራሹ ፈረሰ። መጽሐፉን በአካፋ ዝቀው ጭነው ደፉት። እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ።»

ሌላንድ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ወይዘሮ አርሊን የረቱት መሰላቸው፤ መርታታቸውም ደስ አላላቸውም።

«እውነት ነው፣ ማዕድኑ ተዘግቷል» አለ በመጨረሻ። «አሁን ‹አይሸጥም› እያሉ የሚዞሩለት ውሃ ግን ከየት መጣ?»

«ከሐይቁ ነዋ።»

«ከሐይቁ ወደ ቤታችን ማን አመጣው?»

ይህን ለማወቅ ወይዘሮ አርሊን ፈልገው አያውቁም። ቧንቧ ቧንቧ ነው። ሌላንድ ከመዛግብቱ አንዱን ወደ እሳቸው አዙሮ፣ እየጠቆመ ያነብላቸው ጀመር። በ1919 ክረምት ውሃ የነበረው የማዕድን ኩባንያው ቤቶች ውስጥ ብቻ ነበር። ሌላው ከጉድጓድ እየቀዳ በተስቦ ትኩሳት ይሞት ነበር። ሠራተኞቹ ታዲያ በየእሑዱ ከአምልኮ መልስ እየተሰበሰቡ፣ የራሳቸውን ውሃ የዘረጉ የአምስት ከተሞችን ዘገባ አስመጥተው፣ ጮክ ብለው እያነበቡ በሦስት ቋንቋ ይተረጉሙት ነበር። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። ሰብሳቢው «ለመሆኑ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ምን ያህል እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚበላሽ ከእናንተ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ቀለደባቸው። ማቲ ራውቲዮ የሚባል ቁፋሮ ሠራተኛ ተነሣ። «እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም» አለ። «ግን ተነቦልኛል። ሁለት ጊዜ።» ከዚያም አንድ በአንድ ዘረዘረው። ጸሐፊው ከሥሩ የጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ሰብሳቢው ዝም አሉ።»

«ሁለት ጊዜ» አሉ ወይዘሮ አርሊን በለሆሳስ።

«እነዚያ ሰዎች ከእርስዎ ያነሰ አልደከሙም። አሥር ሰዓት ከመሬት በታች ውለው ነው። ያነበቡት ለመመራመር ብለው አይደለም፤ ጉልበታቸው ጥቂት ስለነበረ የት ላይ እንደሚያውሉት ለማወቅ ነው።»

«ያ ዘመን አለፈ።»

«የአሁኑም ተጠንቷል። በር የሚያንኳኩ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ አጥኚዎች አሉ። ወረቀት ሰጥቶ የሄደው ሰው የማንንም ሐሳብ እንዳላስለወጠ አገኙ። ቆሞ የጠየቀ፣ የሰማ፣ ከራሱም ኑሮ ያካፈለ ሰው ግን ከወራት በኋላ ሳይቀር የለወጠው አልጠፋም።»

«እንዴ! ይህን ለማወቅ ጥናት አስፈለገ? የሚያለቅስ ልጅ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ‹ዝም በል› ብዬው ዝም ብሎ አያውቅም። ‹ምን ሆነህ ነው?› ስለው ነው ዝም የሚለው።»

«እርስዎ ይህን ካወቁ ታዲያ ለምን ስልሳ በር ይሮጣሉ?»

ወይዘሮ አርሊን መልሱን ፈለጉ። የመጣላቸው እውነተኛው ነበር። «ስለታዘዝኩ» አሉ። «ስለደከመኝም። ለደከመው ሰው ከመስማት መናገር ይቀለዋል።»

ድካም ክፉ መካሪ ነው። ትናንት ያልጠቀመውን ነገር ዛሬም ድገመው ይላል፤ አዲስ ነገር ማሰብ ራሱ ሌላ ድካም ነውና። ብዙ ቅን ሰዎች፣ ልባቸው ሳይከዳ፣ በዚህ ምክር ጠፍተዋል።

«አንድ ነገር ብቻ ላሳይዎት» አለ ሌላንድ። «ውሃችንን የሚያስተዳድረውን ቦርድ የሚሾመው ማን ነው?»

«ከንቲባው።»

«እስከ 1974 ሕዝቡ ነበር የሚመርጠው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ሰዉ ሐይቅ ዳር ዕረፍት ላይ እያለ፣ በአንድ ስብሰባ ተቀየረ። የተቃወመ አንድም ሰው የለም። ቃለ ጉባኤውን ያነበበ አልነበረማ።»

ወይዘሮ አርሊን ካልሲያቸውን ከማሞቂያው አነሡ። ገና አልደረቀም። «ኮፒ አድርገህ ስጠኝ» አሉ እየተነጫነጩ። «እንዳላነበው ታያለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ተቀምጠው አነበቡት። ማንበብ ከተዉ ረጅም ጊዜ ሆኗቸው ስለነበር መስመሩ እየተምታታ አስቸገራቸው። አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጀመሩት። ተናደው ተነሡና ሰሃን አጠቡ፤ ተመለሱ። የሚቀዳው ውሃ እንደ ወትሮው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ከዓመታት በፊት ሳይታወቃቸው ለምደውት ኖሯል። በዚያች ጠዋት ግን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡና ትኩር ብለው አዩት። እኛ ለሰዉ ‹አትሽጡት› የምንለው ይህንን ነው እንዴ? አሉ ለራሳቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ከረጢት፣ ወደ ሮይ ላምፒ ቤት ሄዱ። ሮይ አርባ አራት ዓመቱ ነው። ከከተማው ውጭ ባለ ሌላ ማዕድን ትልቁን መኪና ይነዳ ነበር፤ ከሥራ ከተቀነሰ ሁለት ክረምት አልፏል።

«ወረቀቱን ሊወስዱ ከሆነ አልሰጥም» አለ በሩን ገርበብ አድርጎ። «በሩ እንደገና ይንቀጠቀጥብኛል።»

«ይቆይልህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ውሃው ይሸጥ የምትለው ለምንድን ነው?»

«ከነገርኩዎትስ በኋላ?»

«ከዚያማ እሄዳለሁ።»

ሮይ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እግርዎ ይንቀጠቀጣል። ይግቡ።»

አስገብቶ ወደ ምድር ቤቱ ይዟቸው ወረደ። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ፣ ሌላው ሰው የፍራፍሬ ማርማላታ በሚደረድርበት፣ እሱ የውሃ ብልቃጥ ደርድሯል። በየአንዳንዱ ላይ ቀን ተጽፏል። አንዳንዱ የሻይ መልክ አለው፤ አንዳንዱ ከሥሩ ዝገት አዝቅጧል።

«ሰባት ዓመት ደውያለሁ» አለ ሮይ። «ስሙን የማይነግረኝ ሰው፣ ስሙን ወደማይነግረኝ ሰው ያስተላልፈኛል። ሚስቴ የልጆቹን ልብስ እኅቷ ዘንድ እየወሰደች ነው የምታጥበው፤ ነጭ ልብስ ትተናል። እናንተ ደግሞ መጥታችሁ ‹ውሃችን› ትሉኛላችሁ። እስቲ ይንገሩኝ ወይዘሮ አርሊን፣ ይሄ ‹ችን› የማን ነው? የእኔ ነው? የእኔ ከሆነ ለምን አይሰሙኝም? ኩባንያውን ወድጄው መሰለዎት? ሌባ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስም አለው፤ ቢያንስ የምሰድበው ሰው አገኛለሁ።»

ወይዘሮ አርሊን ምላሳቸው ላይ አራት መልስ መጣ። አራቱንም ዋጧቸው። «ለመጨረሻ ጊዜ የደወልክ ቀን ምን አሉህ?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ሮይ ነገራቸው። ከዚያ ደግሞ ስለ ሥራው፣ ስለ ሚስቱ፣ ቤታቸውን ዘግተው ስለሄዱት ጎረቤቶቹ ነገራቸው። እሳቸውም ባላቸው የሞተ ክረምት የሆስፒታሉን ሰዎች ሲለምኑ ስልክ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍባቸው እንዴት እንደነበረ ነገሩት። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ።

«የውሃ ቦርዱን አባትህ ይመርጥ እንደነበረ ታውቃለህ?» አሉት ሊነሡ ሲሉ።

«አባቴ?»

«አባትህ፣ አያትህም። እስከ 1974 ድረስ። ከዚያ በአንድ የሐምሌ ስብሰባ ወሰዱት።»

ሮይ ከኪሳቸው ያወጡትን ኮፒ ተቀብሎ፣ ወደ አምፖሉ ጠጋ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። «እናንተ የኮሚቴ ሰዎች ይህን ታውቁ ነበር?»

«አናውቅም ነበር። አላነበብንም።»

ሮይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይቺን ከእናንተ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም።»

«የትኛዋን?»

«‹አናውቅም ነበር› የምትለዋን።»

ቅዳሜ ኮሚቴው በሰብሳቢዋ በወይዘሮ በርኒስ ኮልባሪ ቤት ተሰበሰበ። ወይዘሮ በርኒስ የሰባ ዓመት ሴት፣ አርባ ዓመት ያስተማሩ መምህርት ናቸው። ሰባት ሰዎች በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው፣ የለውዝ ጥቅል ዳቦ ቀርቦላቸው፣ ወይዘሮ አርሊን ያነበቡትንና ከሮይ የሰሙትን ተናገሩ። ከዚያም ዘመቻው ይቀየር አሉ፦ «አይሸጥም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «አይሸጥም፣ ቦርዱንም እኛው እንምረጥ» እንበል።

«አርሊን፣ ከንቲባው የእኛ ሰው ነው!» አሉ ወይዘሮ በርኒስ። «ያን ያህል ደክመን ያስመረጥነው ብቸኛው ሰው። ቦርዱን ከእጁ እንንጠቅ ብለሽ ልታስቀይሚው ነው?»

«ሮይ በብልቃጥ የሚያጠራቅመው የእኛን ሰው ውሃ ነው፣ በርኒስ።»

«ሰባት ሳምንት ቀረን! አንቺ ንባብ ትያለሽ። ቤት እየተቃጠለ መጽሐፍ ይገለጣል?»

«ቤቱ ሦስት ጊዜ ተቃጠለብን። አንድ ጊዜ እንኳ እሳቱ ከየት እንደሚነሣ አላየንም። ባልዲ ይዘን መሮጥ ብቻ።»

ከተቀመጡት አንዱ፣ የከንቲባው የቅርብ ወዳጅ የሆነ ሰው፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ወይዘሮ በርኒስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ደክሞኛል አርሊን» አሉ። ሰብሳቢ ሆነው ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነበር የተናገሩት። «ሌላ ነገር መጀመር አልችልም።»

«እኔስ መቼ በረታሁ? ደክሞናል ብለን አናነብም፤ ስለማናነብ ደግሞ ይደክመናል። በከንቱ እንሮጣለን። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። እኔ እኮ ሥራ ልጨምርብሽ አይደለም፤ ስልሳውን በር ወደ ስድስት እናውርደው ነው የምልሽ። ስድስት በር፣ ግን ተቀምጠን። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ። ይህን መሰል ሽያጭ ሌላ ከተማ ተሞክሮ ምን እንደሆነ እናንብብ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌሎቻችን እንስማ። ያልገባንን እንጠይቅ።»

ወይዘሮ በርኒስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አርባ ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ «አርባ ዓመት የሰው ልጅ ሰብስቤ ‹አንብቡ፣ አንብቡ› ስል ኖርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከበራሪ ወረቀት ሌላ አንብቤ አላውቅም። ሲያሳፍር!» ከዚያም ወደ ሌሎቹ ዞረው፣ «ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ዘጠኝ ሰው መጣ። የከተማዋን መተዳደሪያ ደንብ ነበር ያነበቡት፤ ያንቀላፋም ነበረ። በአርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን አራት መቶ ነዋሪ ከፈረመ በድምፅ መስጫው ላይ ሌላ ጥያቄ ማስጨመር እንደሚቻል አገኙ። ያ አንቀጽ እዚያው ነበር፤ ለስንት ዓመት ማንም ገልጦ አላየውም። ሮይ ላምፒ፣ ባለ ብልቃጡ ሰው፣ ብቻውን መቶ አሥር ሰው አስፈረመ።

ሌላንድም ማወቁን ያህል መሥራቱ አልቀለለውም። አንድ ቀን ከወይዘሮ አርሊን ጋር በር ሊያንኳኳ ወጥቶ፣ አንዲትን ሴት ደጃፏ ላይ አቁሞ ከ1919 ጀምሮ ሲተርክላት ምድጃ ላይ ያለው ምግቧ አረረ። ወይዘሮ አርሊን እጁን ይዘው ጎትተው አወጡት።

«አንተ ልጅ፣ ጥናቱ ‹አዳምጡ› የሚለውን አንብበህ ነግረኸኝ አልነበረም እንዴ?»

«አንብቤያለሁ።»

«አንብበሃል፤ ግን አልተነበበልህም» አሉት። ሌላንድ በዚያ ቀን የተመለሰው አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ሆነ።

በግንቦት ድምፅ ተሰጠ። ሽያጩ በሠላሳ ስምንት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ቦርዱ ይመረጥ የሚለው ግን ከሦስት ሰው በሁለቱ ተደገፈ። ኦርቢን ውስጥ ያለቀሰም የጨፈረም ነበር። ወይዘሮ አርሊን ውጤቱን በስልክ ሰምተው፣ «ጥሩ ነው» ብለው፣ ጉልበታቸው ላይ ቅባት አሽተው ተኙ። በሳምንቱ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ከንቲባው አይቷቸው እንዳላየ አለፋቸው። ሃያ ዓመት የሚያውቁት ሰው ነበር። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃም ያው ቡናማ ነው፤ ዝገት ድምፅ ስለተሰጠበት አይጠራም። አዲሱ ቦርድ ቢመረጥም ቧንቧው ተቀይሮ እስኪያልቅ ዓመታት እንደሚፈጅ ሁሉም ያውቃል።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። በሰኔ ከጎረቤት ከተማ ሁለት ሴቶች መጥተው ወይዘሮ አርሊንን «ዘዴያችሁ ምንድን ነው? በምን አሸነፋችሁ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ዘዴ የለንም» አሉ ወይዘሮ አርሊን። «እንናገር ነበር፤ አሁን እናነባለን፣ እንጠይቃለን። ጥቅሙን ልንገራችሁ። ያነበበ ሰው የማያሸንፍበት በር ላይ ጉልበቱን አይጨርስም። ከእሱ በፊት የነበሩት የት እንደወደቁ ስለሚያውቅ፣ ቢወድቅ እንኳ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ ያም ትርፍ ነው። ጎረቤቱን ‹ደንቆሮ ነህ› ማለት ይተዋል፤ ራሱ ስንቱን እንደማያውቅ አይቷላ። ሹሙ የራሱ ወገን ቢሆንም ይጠይቀዋል፤ በቃል የሰማውን ሳይሆን የተጻፈውን ይዞ ስለሚሄድ። ተራማጅ ነን እንላለን አይደል? ወዴት እንደሚራመድ ያላየ ሰው እኮ ተራማጅ አይደለም፤ እግረኛ ነው። ድካሙ አይቀርም። እኔን እዩኝ። ግን በከንቱ መድከምና ለሆነ ነገር መድከም፣ እንቅልፋቸው አንድ አይደለም።»

ሴቶቹ ይህን ጽፈው ሄዱ።

በሐምሌ መጨረሻ ያለው ሐሙስ ሌላንድ ወደ ሚኒያፖሊስ ከመመለሱ በፊት የመጨረሻው ነበር። አሥራ አራት ሰው ተሰብስቦ ስለ ቆዩ የውሃ መስመሮች አንድ ወፍራም ጥናት ያነባል። የማንበቡ ተራ የሮይ ነው። ጣቱን እያስከተለ፣ በየቃሉ ቆም እያለ ያነባል፤ ማንም አያጣድፈውም። ድንገት አቆመ።

«ይህ ሰውዬ ተሳስቷል» አለ።

«የቱ ጋ?» አለ ሌላንድ እርሳሱን አንሥቶ።

«‹መስመሩ በየዓመቱ ቢታጠብ ዝገቱ ይቀንሳል› ይላል። የእኛ ሰፈር መስመር እኮ መጨረሻው የተደፈነ ነው፤ ማስወጫ የለውም። ታጥቦ በየት ይወጣል?»

«ማስወጫ የለውም?» አሉ ወይዘሮ በርኒስ። «በካርታው ላይ እኮ አለ።»

«ካርታውን የሠራው ሰው ሰፈራችንን አያውቀውም። ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ኑና ላሳያችሁ።»

ሌላንድ ቀድሞ ተነሣ። ወዲያው አሥራ ሦስቱም ወንበራቸውን እየገፉ፣ ካርታውን ይዘው፣ እየተከራከሩ ወደ በሩ አመሩ። ወይዘሮ አርሊን ሊነሡ ሞክረው ጉልበታቸው እምቢ አላቸው።

«እርስዎስ?» አላቸው ሮይ ዞር ብሎ።

«ሂዱ፣ ሂዱ። እኔ ገጹን ይዤላችሁ እቆያለሁ።»

የሰዉ ድምፅ በመንገዱ ላይ እየራቀ ሄደ። ወይዘሮ አርሊን ሮይ ያቆመበት መስመር ላይ ጣታቸውን አድርገው ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ የሚያዳምጥ ሰው ባይኖርም፣ የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።